ለስላሳ ብሩሽና ቀለል ያለ እጅ፦ ልብስ ሳይጎዳ እድፍ የሚለቅበት መንገድ

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የበዓል ማግስት በሬ ይንኳኳል። ስከፍት አንዷ ጎረቤቴ ፌስታል ይዛ ቆማለች። ፌስታሉ ውስጥ ነጠላ አለ፤ ነጠላው ላይ ወጥ አለ። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ይሄ ነገር ይለቃል? በምን ልፈግፍገው?» በስልክም የምጠየቀው ይኸው ነው፤ ታክሲ ሰልፍ ላይም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። የጠየቃችሁኝ ሁሉ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ እያያችሁ ሥሩበት።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመጣል። እድፍ የሚያስለቅቀው ሳሙናውና ጊዜው ነው። የብሩሹ ሥራ ሳሙናውን ክሩ መሃል ማስገባትና የላላውን ቆሻሻ ወደ ላይ ማውጣት ብቻ ነው። ለዚህ ለስላሳ ፀጉር ያለው ብሩሽ ይበቃል። ጠንካራ ብሩሽ ክሩን ይበጥሳል፤ ልብሱ ፀጉር ያወጣል።

በእናቴ ነጠላ ላይ ደርሶብኛል። የጥፍር ያህል የቡና ጠብታ ነበር። የወለል መፈግፈጊያ ብሩሽ አንስቼ በኃይል ፈገፈግኩት። ቡናው ለቀቀ። ግን ወደ መስኮት ይዤ ሳየው ያቺ ቦታ እንደ ወንፊት ብርሃን ታሳልፋለች። ማጉ ተበጣጥሷል። በሸማኔ የተሠራ ልብስ ላይ ማጉ ብዙ ጊዜ በእጅ የተፈተለ፣ ላላ ያለ ክር ነው፤ ጉልበት አይችልም። ያ ነጠላ ከዚያ ወዲህ ከቤት አልወጣም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ 2 ፍሬ። ሲገዙ ማሸጊያው ላይ «ሶፍት» የሚለውን ዓይነት ይምረጡ ይባላል፤ እኔም እሱኑ ነው የምላችሁ። አንዱ ለቅባት፣ ሌላው ለቀረው እድፍ ይሁን። ወጥ የነካው ብሩሽ ዘይቱን ይዞ ይቆያል፤ ቡና ላይ ብታመጡት አዲስ እድፍ ትፈጥራላችሁ።
- ለሰፊ እድፍ (ለምሳሌ የሱሪ ጫፍ ላይ ለነካ ጭቃ) የሕፃን ፀጉር ማበጠሪያ ለስላሳ ብሩሽ።
- ነጭ የጥጥ ጨርቅ፣ 3 ቁራጭ። ያረጀ ካናቴራ ይበቃል። ነጭ የግድ ነው፤ ባለ ቀለም ጨርቅ ሲረጥብ ቀለሙን ልብሱ ላይ ሊለቅ ይችላል።
- ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና (ላርጎ) እና የዱቄት ሳሙና (ኦሞ)።
- አቼቶ ወይም ሎሚ።
- ቤቢ ፓውደር። ከሌለ የበቆሎ ስታርች።
- ሶፍት፣ የሾርባ ማንኪያ፣ ትንሽ ሳፋ።
- አልኮል፣ ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ የሆነው።
- ክዳኑ የተበሳ ሃይላንድ።

ሃይላንዱን ላስረዳ። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ለአንድ ጠብታ ወጥ አንድ ጀሪካን ማፍሰስ አይታሰብም። የፕላስቲክ ውሃ መያዣ ክዳን ላይ በጋለ መርፌ 4 ወይም 5 ቀዳዳ ብሱ። ሃይላንዱን ሞልታችሁ ጨመቅ ስታደርጉት ቀጭን ውሃ በግፊት ይወጣል። እድፉ ያለበትን ቦታ ብቻ ታጥቡበታላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ 3 ሊትር ውሃ ይበቃኛል።

ብሩሹ ለስላሳ መሆኑን በእጃችሁ ፈትኑ። የክንዳችሁን የውስጥ ቆዳ፣ የእጅ አንጓ አካባቢ፣ በደረቁ ሁለት ሦስቴ ቦርሹት። ነጭ ጭረት ከተወ ለልብስ አይሆንም። ፀጉሩ ወደ ጎን የተበተነ አሮጌ ብሩሽም አይሆንም፤ የተበተነው ፀጉር ክር እየያዘ ይጎትታል። የጫማ ብሩሽ ደግሞ ቀለም አለበት፤ የታጠበ ቢመስልም አትመኑት።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

1. መጀመሪያ አንሱት፤ አትሹት። ልብሱ ላይ ወፍራም ነገር ካለ በማንኪያ ጠርዝ ከዳር ወደ መሃል እየሰበሰባችሁ አንሱ። ፈሳሽ ከሆነ ሶፍት አስቀምጡበትና ከላይ በመዳፋችሁ ጫን በሉት፤ ሶፍቱ ይጠጣዋል። ሶፍቱን ቀይሩና ድገሙት። እዚህ ላይ ያነሳችሁት ሁሉ በኋላ በሳሙና የማትታገሉት ነው። ማሸት ግን እድፉን ያሰፋዋል፤ ከላይ የነበረውንም ወደ ክሩ ውስጥ ይገፋዋል።

2. ምን እንደሆነ እወቁ። የውሃው ሙቀት በዚህ ይወሰናል። ደም፣ ወተት፣ እንቁላል ከሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ። ሙቀት እንቁላልን ድስት ላይ እንደሚያጠነክረው ሁሉ እነዚህንም ክሩ ላይ ያጠነክራቸዋል። ቅቤና ዘይት ያለበት ከሆነ ለብ ያለ ውሃ፤ ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ ይረጋልና። እርግጠኛ ካልሆናችሁ በቀዝቃዛው ጀምሩ፤ ከቀዝቃዛ ወደ ለብ ያለ ማለፍ ይቻላል፣ በሙቀት የጠነከረውን መመለስ ግን ከባድ ነው።

3. ቀለሙን ፈትኑ። ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ጥለት የሚበላሸውም እዚህ ነው። የነጭ ጨርቁን ጫፍ በሳሙናችሁ አርጥቡና ጥለቱ ላይ፣ በማይታይ በኩል፣ ለ1 ደቂቃ ጫን አድርጋችሁ ያዙት። ጨርቁ ላይ ቀይ ወይም አረንጓዴ ምልክት ከወጣ ጥለቱ ቀለም ይለቃል ማለት ነው። እንግዲያው ያ ጥለት አይረጥብ። እድፉ ነጩ ላይ ከሆነ ጥለቱን ወደ ላይ አጥፉትና ነጩን ብቻ ሥሩ። እድፉ እዚያው ጥለቱ ላይ ከሆነ ሳታርሱት ወደ ደረቅ እጥበት ውሰዱት።

4. ልብሱን ገልብጡ። እድፉ የነካው ፊት ወደ ታች ይሁን። ከሥሩ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ። እድፉ የገባው ከፊት ነው፤ ከጀርባ ስትሠሩ በገባበት ይወጣና ከሥር ያለው ጨርቅ ይቀበለዋል። ከፊት ብትሠሩ በሙሉ ክሩ ውስጥ አሳልፋችሁ ወደ ጀርባ ነው የምትነዱት። በጣም ወፍራም ልብስ (ጂንስ፣ ጃኬት) ላይ ከፊት መሥራት ይቻላል፤ የክሩ ውፍረት ከጀርባ ስለማያስገባ።

5. ሳሙናውን አድርጉና ጠብቁ። 1 የሾርባ ማንኪያ ላርጎ በ1 ብርጭቆ ውሃ በጥብጡ። ብሩሹን ነክራችሁ እድፉን አርጥቡት፤ ገና አትቦርሹ። 10 ደቂቃ ተዉት። ሳሙናው ቅባቱን ከክሩ ለመነጠል ጊዜ ይፈልጋል። በዚህ 10 ደቂቃ ቡና አፍሉ፣ ልጅ አጥቡ፣ የፈለጋችሁትን ሥሩ። ብቻ ልብሱ ፀሐይ ላይ አይሁን፤ ሳሙናው ከደረቀ መሥራት ያቆማል።

6. አሁን ብሩሹን ያዙ። አያያዙ እንደ እስክሪብቶ ነው፤ በሦስት ጣት። በጡጫ ስትይዙት ሳታስቡት ክንዳችሁ ይገፋል። ፀጉሩን ቀጥ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉ። አትጎትቱ። ከእድፉ ዳር ጀምራችሁ ወደ መሃል ሂዱ፤ ከመሃል ወደ ውጭ ከሄዳችሁ የሳንቲም ያህሉ የሳህን ያህል ይሆናል።

ጆሯችሁንም ተጠቀሙ። ትክክለኛው ምት ቱክ ቱክ የሚል ለስላሳ ድምፅ አለው። «ክርር» የሚል የመፋቅ ድምፅ ከሰማችሁ ተጭናችኋል። ፀጉሩንም እዩት፤ ጨርቁ ላይ ሲያርፍ ጫፉ ብቻ ትንሽ ይለመጥ። ሙሉ በሙሉ ከተኛ ክሩን እየፋቃችሁ ነው። 20 ወይም 30 ጊዜ መታ ካደረጋችሁ በኋላ ቀለሙ መላላት ይጀምራል። የግድ መቦረሽ ካስፈለገ በክሩ አቅጣጫ፣ በአንድ በኩል ብቻ፤ ክብ እየሠራችሁ አይሁን። ክብ መቦረሽ ድሩንም ማጉንም ከቦታው ያንሸዋርረዋል።

7. ከሥር ያለውን ጨርቅ አንስታችሁ ተመልከቱ። እድፉ እየተላለፈበት ከሆነ መንገዱ ተሳክቷል። ጨርቁን ወደ ንጹህ በኩል አዙሩት። ብሩሹንም ሳፋ ውስጥ አለቅልቁት። በቆሸሸ ጨርቅና በቆሸሸ ብሩሽ መቀጠል ያስለቀቃችሁትን መልሶ መቀባት ነው።

8. አለቅልቁ። በሃይላንዱ፣ ከጀርባ በኩል፣ ውሃው ንጹህ እስኪሆን። ጣታችሁ ላይ ሙልጭልጭ የሚል ስሜት እስካለ ድረስ ሳሙና አለ። የቀረ ሳሙና አቧራ ይስባል፤ ከሳምንት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ግራጫ ክብ ይወጣል። ብዙ ሰው «እድፉ ተመልሶ መጣ» የሚለው ይህንን ነው።

9. ሳይደርቅ ብርሃን ላይ እዩት። መስኮት ጋ ወይም በረንዳ ላይ። ጥላ ካለ ከ5 ጀምራችሁ ድገሙ። እስከ 3 ጊዜ መደጋገም ያለ ነው። እድፉ ሳይለቅ ልብሱን አታስጡ፤ ካውያም አታስነኩት። ሙቀት የቀረውን ያጣብቀዋል።

10. ከዚያ በኋላ ሙሉ ልብሱን እንደ ልማዳችሁ እጠቡ። አትጠምዝዙት፤ በፎጣ ጠቅልላችሁ ጨመቅ አድርጉት። ነጩን ፀሐይ ላይ፣ ባለ ቀለሙን ገልብጣችሁ ጥላ ላይ አስጡ። የምታሰጡበት ሽቦ የዛገ ከሆነ በመጀመሪያ በጨርቅ ሸፍኑት። የዝገት እድፍ ላይ በረኪና ካፈሰሳችሁ ይብስበታል፤ በሎሚና በጨው ነው የሚሠራው።

እድፉ ወጥ ከሆነ

ብዙ የሚጠየቀው ስለሆነ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልናገር። የዶሮ ወጥ እድፍ ውስጥ ቅቤ ወይም ዘይት አለ፤ የበርበሬው ቀይ ቀለም ደግሞ የሚሟሟው በቅባት ውስጥ እንጂ በውሃ ውስጥ አይደለም። ቅባቱ እስካልወጣ ቀለሙ አይወጣም። ጠብታው እንዳረፈ ሰው ተሯሩጦ ውሃ የሚያፈስበት ለዚህ ነው የማይሆነው።

ወፍራሙን በማንኪያ አንሱ። ቤቢ ፓውደር በደንብ ነስንሱበትና 20 ደቂቃ ተዉት። ዱቄቱ ቅባቱን ሲጠጣ ወደ ብርቱካናማ ይቀየራል፤ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። በደረቅ ብሩሽ አራግፉት። ዱቄቱ አሁንም ቀለም እየያዘ ከሆነ አንዴ ድገሙ። ቀጥሎ ላርጎውን ሳትበጠብጡ፣ ልብሱ ሳይረጥብ፣ በቀጥታ ጠብ አድርጉበትና ከጀርባ በብሩሽ መታ መታ አድርጉ። ውሃ ቀድሞ ከገባ ሳሙናው ቅባቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ይቀጥናል። 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ ለብ ባለ ውሃ አለቅልቁ። ቀዩ ከሄደ በኋላ ፈዘዝ ያለ ብርቱካናማ ጥላ ሊቀር ይችላል። በነጭ ጥጥ ላይ ከሆነ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሲዋል ይደበዝዛል። ከቁጥር 9 የሚለየው ይህ አንዱ ነው፤ ፀሐይ ላይ የምታወጡት ግን ቅባቱ ሙሉ በሙሉ ከለቀቀ በኋላ ብቻ ነው።

ከፀጉር ላይ ነጠላ የሚነካ ቅቤም በዚሁ መንገድ ይሠራል።

አልጫ ላይ ደግሞ የሚያስደነግጥ ነገር አለ። ባለፈው አንዷ እህት የሕፃን ክርስትና ላይ የተነካ ነጭ ቀሚስ አመጣች። ቢጫው ጠብታ ላይ ደረቅ ሳሙና አስነክታው ደም የመሰለ ቀይ ሆኖባታል። «ቀሚሱ ተቃጠለ» ብላ ነበር የመጣችው። አልተቃጠለም። የእርድ ቀለም ሳሙና ሲነካው ይቀላል፤ ሲለቀለቅ ወይም አቼቶ ጠብ ሲደረግበት ወደ ቢጫው ይመለሳል። አትደንግጡ፣ ሥራችሁን ቀጥሉ። ቅባቱን እንደ ወጡ አስለቅቁና ቢጫ የቀረውን እርጥብ እንዳለ ፀሐይ ላይ አስጡት። የእርድ ቀለም ብርሃን አይችልም። እሷም በሁለት ቀን ፀሐይ ነው ያስለቀቀችው።

ጭቃ ከሆነ

በእኛ በኩል ያለው ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ከታክሲ ወርዶ እስከ ብሎኩ የሄደ ሰው የሱሪው ጫፍ ይናገራል፤ የልጆች ዩኒፎርም ደግሞ አይነሳ። እዚህ ላይ ትልቁ ስህተት በእርጥቡ መፈግፈግ ነው። የዋልካ ብናኝ እጅግ የደቀቀ ስለሆነ ውሃ ሲያገኝ ክሩ መሃል ሾልኮ ይገባል።

ይድረቅ። ክረምት ላይ አንድ ሌሊት ሊፈጅ ይችላል፤ ታገሱት። ሲደርቅ በእጃችሁ እጥፍ እያደረጋችሁ ሰባብሩት፣ በረንዳ ላይ አራግፉት፣ ከዚያ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት። አብዛኛው በዚህ ያልቃል። የቀረውን በሃይላንድ ከጀርባ አጥባችሁ በኦሞ ውሃ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉና መታ መታ አድርጉ። ቀይ አፈር ባለበት ሰፈር ያላችሁ ደግሞ ነጭ ልብስ ላይ ዝገት የመሰለ ጥላ ሊቀርባችሁ ይችላል፤ ቀለሙ ብረት ያለበት ነውና ሎሚ አስነኩት እንጂ በረኪና አታፍስሱበት።

ጧፍ የተንጠባጠበበት

ሰም ላይ ብሩሽ የሚገባው በመጨረሻ ነው። ቀድሞ ከገባ ሰሙን ያሰራጨዋል። መጀመሪያ ይጠንክር፤ ፍሪጅ ካለ በፌስታል አድርጋችሁ ከተቱት። የጠነከረውን በማንኪያ ጠርዝ አንሱ። ከላይም ከታችም ሶፍት አድርጋችሁ ካውያውን መካከለኛ ሙቀት ላይ አሳርፉ። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ብዙ ሙቀት አይፈልግም። ሶፍቱ ላይ የቅባት ምልክት ይወጣል። ምልክት የሌለው ሶፍት እስኪወጣ እየቀየራችሁ ድገሙ። ከዚያ ላርጎና ብሩሽ። ጋዜጣ አትጠቀሙ፤ ቀለሙ ይገለበጣል። ልብሱ ሰው ሠራሽ ክር ከሆነ ካውያው በጣም ዝቅ ይበል።

ሌሎቹ በአጭሩ

ቡና፦ 2 ብርጭቆ ውሃ፣ 1 ማንኪያ አቼቶ፣ 1 ማንኪያ ላርጎ። 15 ደቂቃ፣ ከዚያ ብሩሽ። ደረቅ ሳሙና በቀጥታ አትሹበት፤ የቡናውን ቀለም ሊያጠናክረው ይችላል። ማኪያቶ ከሆነ ወተት ስላለበት በቀዝቃዛ ውሃ ጀምሩ።

ደም፦ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ቶሎ። በኦሞ ውሃ ዘፍዝፉትና በብሩሽ መታ መታ አድርጉ።

እስክሪብቶ፦ ከሥር ነጭ ጨርቅ፣ ከላይ አልኮል ጠብታ በጠብታ። በብሩሹ ጫፍ ብቻ ነካ ነካ አድርጉ። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፤ ቀለሙ በጣም ተጓዥ ነው። መጀመሪያ ውሃ አታስነኩት።

የሸሚዝ አንገትጌ፦ ይህ የሰውነት ቅባት ነው። ብሩሹን አርሳችሁ ደረቅ ሳሙና ላይ ሁለት ሦስቴ አሹት፤ ከዚያ በአንገትጌው ርዝመት ቀስ እያላችሁ ቦርሹ። እጥፋቱ ላይ አትጫኑ፤ ሸሚዝ መጀመሪያ የሚያልቀው እዚያ ነው። 15 ደቂቃ ቆይቶ ይታጠብ።

ብሩሽ የማይነካቸው

ሐር፣ ሹራብ፣ የሱፍ ጨርቅ፣ በወርቃማና በብርማ ክር የተሠራ ጥለት፣ ዶቃ የተሰፋበት ልብስ። እነዚህን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጋችሁ ብቻ ሥሩ፤ ወይም ለባለሙያ ስጡ። ሱፍ ሲቦረሽ ይጨማደዳል። ያ ወርቃማ ክር ደግሞ ብዙ ጊዜ በሌላ ክር ላይ የተጠቀለለ ቀጭን ሽፋን ነው፤ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም።

ጥንቃቄ

በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። መርዛማ ጋዝ ይወጣል። የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ጠባብ ነው፤ ጋዙ መሄጃ የለውም። አንዱን ሞክራችሁ ካልሆነ ልብሱን በብዙ ውሃ አለቅልቁና ሌላውን በሌላ ቀን ሞክሩ። ሱፍና ሐር ላይ በረኪና አይነካም፤ ክሩን ይበላዋል።

በረኪና ወይም አልኮል በሃይላንድ አታስቀምጡ። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣል። እለምናችኋለሁ፣ ይህቺን አትርሷት። ከላይ ያልኳችሁ ባለ ቀዳዳ ሃይላንድም ውሃ ብቻ ይያዝ።

ግሪስ ለማስለቀቅ ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ የሚጠቀም ሰው አለ። ከሰል በሚነድበት፣ ቡና በሚፈላበት ቤት ውስጥ ትነቱ በቅጽበት ይቀጣጠላል። ላርጎን ሳትበጠብጡ ሁለት ሦስቴ መደጋገም ግሪስንም ይነቅለዋል። አልኮል ስትጠቀሙም መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አይኑር።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳትባቸው

መቸኮል ይበዛል። ሳሙናው አንድ ደቂቃ ሳይቆይ ብሩሽ ይነሳል፤ ሳሙናው ያልሠራውን ጉልበት እንዲሠራው ይጠበቃል። ሁለተኛው ሳሙና ማብዛት ነው። የአረፋ ብዛት እድፍ አያስለቅቅም፤ የማለቅለቂያ ውሃ ብቻ ያስጨርሳችኋል። ሦስተኛው ሁሉንም ነገር በሙቅ ውሃ መጀመር ነው። ደም ያለበት አንሶላ በፈላ ውሃ ተዘፍዝፎ የመጣልኝ ጊዜ አለ፤ ቡናማ ሆኖ ቀርቷል።

ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተተኩሶ የመጣ የቆየ እድፍ ላይም ተስፋ አለ፤ ግን ቃል አልገባም። ኦሞ በለብ ያለ ውሃ በጥብጣችሁ አንድ ሌሊት ዘፍዝፉት፤ ደም፣ ወተት ወይም እንቁላል ከሆነ ግን ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን። ጠዋት ከቁጥር 4 ጀምሩ። በሦስተኛው ዙር ምንም ለውጥ ከሌለ አቁሙ። ከዚያ በኋላ የሚለቀው ክሩ ነው።

ሲጨርሱ ብሩሹን በላርጎ አጥባችሁ ውሃውን አራግፉ፤ ፀጉሩ ወደ ታች ሆኖ ይድረቅ። ወደ ላይ ካቆማችሁት ውሃው ሥሩ ላይ ተጠራቅሞ ይሻግታል። እጀታው ላይ በማርከር «ወጥ» እና «ሌላ» ብላችሁ ጻፉበት፤ ከጥርስ ብሩሽ ጋርም አንድ ኩባያ ውስጥ አታስቀምጡት። ፀጉሩ መበተን የጀመረ ዕለት ለጫማ ሶል ይሁን፤ ለልብስ አዲስ ግዙ።